ከመደቡ በፊት መቃብሩ

«ይቺ ናት ቦታህ። እግርህን አንሳ እንጂ፣ አትርገጣት!» አሉ አያ ተገኘ፣ ከወይራው ሥር ያለችውን ባዶ ሣር በበትራቸው ጫፍ እየነኩ፤ ወፍጮውን በአይሱዙ ጭኖ ከከተማ የመጣው ሱራፌል ግን በግራም መቃብር በቀኝም መቃብር ነበርና እግሩን የት እንደሚያሳርፈው ጠፍቶት ደርቆ ቀረ። ጠዋት የወረዳው ሰዎች ጽሕፈት ቤት አስቀምጠው፣ መሬቱ ያለ ሊዝ ነው፣ ግብር እስከ አምስት ዓመት የለም፣ መብራት ደጅህ ድረስ እናስገባለን ብለው ወረቀት አስፈርመውታል፤ በሉ ቦታውን አሳዩኝ ቢላቸው «ለሱ ሽማግሎቹ አሉልህ» ብለው ለአያ ተገኘ አስረከቡት፤ አያ ተገኘም ገበያውን በጎን አሳልፈው ይዘውት የወጡት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው።

«አባቴ፣ እኔ የጠየቅሁት የወፍጮ ቦታ ነው። ምን አጠፋሁ?» አለ፣ ላብ እያጠመቀው።

«ምንም አላጠፋህ። የወፍጮህን ከሰዓት እናያለን። እዚህ አገር መጀመሪያ የሚታየው ይኼኛው ነው።»

«የምሞትበትንስ ቀን ቆርጣችኋል?»

ተከትለው የወጡት ሽማግሎች ሳቁ። አያ ተገኘ አልሳቁም።

በግራር ውሃ ወጉ እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊም ይምጣ፣ ቆዳ ነጋዴም፣ ሻይ ቤት ከፋችም፣ ለመሥራት የመጣ ባዕድ ሁሉ መደቡን ከማየቱ በፊት መቃብሩን ያያል። ሌላም ወግ አለ፤ በዋርካው ጥላ፣ በገበያው እምብርት፣ ሁለት የድንጋይ ክምር የተደገፈባት አንዲት መደብ አለች፤ የፋሲካ ገበያ መርፌ መጣያ ሲያሳጣ እንኳ እሷ ባዶዋን ትውላለች። አላዋቂ መጥቶ ጆንያውን ጣል ካደረገባት «ተነስ ወንድሜ፣ ሰው አለበት» ይሉታል። ቢዞር ሰው የለም። የሁለቱም ወግ ምንጭ አንድ ነው ይላሉ ሽማግሎች።

እንደሚነገረው፣ ያኔ ግራር ውሃ ገበያ አልነበራትም። የቀረውማ ሁሉ ነበራት፤ በጋ የማያነጥፈው ምንጭ፣ ሦስት ቁልቁለት የሚገጥሙበት ሜዳ፣ መቶ በቅሎ የሚያሳርፍ የዋርካ ጥላ። ይህን ሁሉ ይዛ ጨው የምትሸምተውና ማረሻ የምታስለው ከጨጎ ወንዝ ማዶ ከማክሰኞ ገበያ ነበርና፣ ጨጎ በየክረምቱ ከመንደሩ አንድ ሰው ሳይወስድ አያልፍም ነበር ይባላል። በአንደኛው ክረምት የወሰደው ዳምጤ የሚባለውን አራሽ ነው። ዳምጤ የተሳለ ማረሻውን እንዳይጥለው በመቀነቱ ከወገቡ ጋር አጥብቆ አስሮት ነበርና፣ ዋና እያወቀ ብረቱ ይዞት ወረደ።

የዳምጤ ታናሽ ወንድም አንዳርጌ ይባላል። ከቄስ ትምህርት ቤት በሁለተኛው ዓመት የኮበለለ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት፣ ምላሱ ከእግሩ የማይዘገይ ጎልማሳ ነበር ይሉታል። ወንድሙን ከአሸዋ ውስጥ ያወጣው እሱ ነው፤ መቀነቱን የፈታውም እሱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ እንቅልፍ አልነበረውም። አርባው እንደወጣ ሽማግሎቹ በተሰበሰቡበት በዋርካው ሥር ቆሞ «ወንድሜን ውሃ አልበላውም፣ ገበያ ማጣት ነው የበላው። ማረሻ የሚስል ሰው እዚህ ቢኖረን ኖሮ ዳምጤ ዛሬ እያረሰ ነበር» አለ።

የአገሩ ጭቃ ሹም ደባልቄ ነበሩ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም ይባላል፣ ብልህ ነበሩ እንጂ። «ገበያ በልመና አይመጣም፤ ማር ሳታሳየው ንብ አይገባልህም» ብለው ነገሩን ከሽማግሎቹ ጋር ሲያወጡ ሲያወርዱ ዋሉ። ባለ እጅ ማለትም ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ከመጣ ሌላው ይከተላል፤ ማረሻ የሚያስለው ጨው ይገዛል፣ ጨው የሚሸጠው በቅሎውን ያጠጣል። እናም ለሚመጣው ባለ እጅ ሦስት ዓመት ግብር እንዳይጠየቅ፣ ከጋራው ግጦሽ የሚያርሰው መሬት እንዲቆረጥለት፣ ለከሰሉ ከደኑ እንዲቆርጥ፣ ለነጋዴውም ቀረጥ እንዲቀርለትና ምንጩ እንዲፈቀድለት ተስማሙ።

አንዳርጌ አንድ ነገር ጠየቀ። «ሲሞትስ?» አላቸው።

ጥያቄው ከባድ ነበር፤ ባለ እጅ በዚያ ዘመን ዓይኑ ይፈራ ነበርና፣ እጁን እየፈለጉ ከአባቶቻቸው አጥንት ጋር ግን አያስተኙትም ነበር። ጭቃ ሹም ደባልቄ ሳቅ ብለው «አይ አንዳርጌ! መጀመሪያ ይምጣ እንጂ! ሳይመጣ ሞቱን ምን አስጠራው?» አሉ፤ ሁሉም ሳቀ። አንዳርጌም አብሮ ሳቀ ይባላል።

ባለ እጁን ያገኘው ከማክሰኞ ገበያ ጫፍ፣ ከገደል አፋፍ ላይ፣ ዳስ በመሰለች ቤት ውስጥ ነው። ቀጸላ ይባላል። ወናፉን የምታናፋለት ሚስቱ ትርንጎ ናት፤ እሳት በማይኖርበት ሰዓት ደግሞ ሸክላ ትሠራ ነበር። ሰባት አገር ተቀምጠው ከሰባቱም ተነስተዋል፤ አንዱ ከብቱ ሲሞት፣ አንዱ ልጁ ሲታመም፣ በእነሱ ዓይን እያሳበበ አስነስቷቸዋል። አንዳርጌ ከእሳቱ ዳር ተቀምጦ በጣቶቹ እየቆጠረ ግብሩን፣ መሬቱን፣ ከሰሉን፣ ምንጩን፣ ጥላውን ዘረዘረላቸው። ትርንጎ ጭቃ የያዘ እጇን ሳትታጠብ ቀረብ አለችና «ውሃው ለሸክላ ይሆናል?» አለችው።

«ይሆናል ብቻ?! አፈሩ ራሱ ማሰሮ ካልሆንኩ ብሎ ነው የሚለምንሽ!» አላት፤ ሳቀች። ስትስቅ ያያት ሰው አይረሳትም ነበር ይባላል።

ቀጸላ ግን አልሳቀም። መዶሻውን አስቀምጦ «ሁሉንም ሰማሁ። የመጨረሻውን ንገረኝ። ስንሞትስ?» አለው።

አንዳርጌ ጣቶቹ አልቀው ነበር። እሳቱን እያየ «እሱማ ያለቀ ነገር ነው» አለ።

በሦስተኛው ሳምንት ብረት የሚቀጠቅጡበትን መስፍ በአህያ ጭነው፣ ጨጎን ጎድሎ ሲያገኙት ተሻግረው ገቡ። ነገሩም ጭቃ ሹሙ እንዳሉት ሆነ። በመጀመሪያው ቅዳሜ የመጣው የአገሩ ሰው ብቻ ነበር፤ በአምስተኛው ከሁለት ቀን መንገድ ጨው የጫኑ ሲራራ ነጋዴዎች መጡ፤ በዓመቱ የማክሰኞ ገበያ ሳስቶ የግራር ውሃ ቅዳሜ ሜዳው ጠበበው። ትርንጎ ከዋርካው ሥር መሐል መደብ ይዛ እንስራና ድስት ትሸጥ ነበር፤ ሴቶቹ ጣቷን እየሸሹ ዕቃዋን ይሻሙት ነበር። በዚያ ዓመት ክረምት ጨጎ ከመንደሩ ማንንም አልወሰደም። አንዳርጌ በመንደሩ መሐል ሲያልፍ እናቶች ከደጃቸው እየወጡ ይመርቁት ጀመር፤ እሱም በዳምጤ ሞት የተቆለፈው ደረቱ ፈታ አለለት። ያቺን ከእሳቱ ዳር የተናገራትን ነገር ግን አንድ ቀን ለሽማግሎቹ አነሳለሁ እያለ፣ ገበያው ሲሞቅ አይበርድብኝ፣ ቅዳሜ ለቅዳሜ ሲያሳልፋት ቆየ።

በሦስተኛው ዓመት መስከረም ትርንጎን ንዳድ ያዛት። ስድስት ቀን ተኝታ ዓርብ ዕለት ሞተች።

ቅዳሜ ማለዳ ገበያተኛው እንደ ልማዱ መትመም ሲጀምር፣ ቀጸላ ከበሩ ላይ ተቀምጦ ለቀብር የሚመጣ ሰው ይጠብቅ ነበር። ማንም አልመጣም። አንዳርጌ ሲሰማ ሮጦ ቄሰ ገበዙ ዘንድ ሄደ፤ «የሽማግሎቹ ፈቃድ ይሁን እንጂ እኔ ምን አግዶኝ» አሉት። ሮጦ ጭቃ ሹሙ ዘንድ ሄደ፤ በር ላይ አገኙት፣ ግባም አላሉትም።

«እኛ የማርነው ግብር ነው፣ አንዳርጌ። መቃብር ቃል የገባነው እኛ ነን?»

«እኔ ገብቻለሁ።»

«እንግዲያ አንተው ቅበራት!»

«ጌታዬ፣ ማረሻዎን እኮ እሱ ነው የሳለልዎ! እንስራዎን እሷ ናት የሠራችልዎ! ውሃ የሚጠጡት በማን ነው?»

ጭቃ ሹም ደባልቄ መሬት መሬት እያዩ «የአባቴ አጥንት እዚያ አለ፤ እኔ ምን ላድርግ?» ብለው በሩን ዘጉት።

አንዳርጌ ወደ ቀጸላ ተመለሰ። እየሮጠ የሄደ ሰው እየተራመደ ሲመለስ ምን ይጠየቃል? ቀጸላ ተነሳና ትርንጎ የተኛችበትን አልጋ አንድ ጫፍ ያዘ፤ ሌላውን አንዳርጌ ያዘ። በሁለት ሰው ትከሻ ወጥታ በገበያው መሐል ሲያልፉ ጫጫታው ከፊታቸው እየጠፋ፣ ሕዝቡ ግራና ቀኝ እየተከፈለ መንገድ ሰጣቸው፤ እጁን ግን የሰጣቸው የለም። ቀጸላ ከመንደሩ ውጪ ወዳለው ገደል ይወስዳታል ብለው ሲጠብቁ ከዋርካው ሥር፣ ከገዛ መደቧ ላይ አወረዳት። ሊሸጥ ካወጣቸው ዶማዎች አንዱን አነሳና መቆፈር ጀመረ። አንዳርጌም ሁለተኛውን አነሳ። የዶማው ድምፅ ብቻ ሲሰማ ቆየ፤ በመጨረሻ አንድ የጨው ነጋዴ፣ ከሩቅ የመጣ እስላም ነበር ይባላል፣ ጭነቱን አውርዶ መጣና «ውሃዋን ጠጥቻለሁ» ብሎ ሦስተኛውን ዶማ አነሳ። ከአገሩ ሰው አንድም አልተነቃነቀም። ያን ቀን ገበያው ሳይሸጥ ሳይገዛ ተበተነ።

እሑድ ቀጸላ እሳቱ ላይ ውሃ አፍስሶ፣ መስፉን ጭኖ ሄደ። አንዳርጌ እስከ ጨጎ ተከተለው፤ እዚያ የተነጋገሩትን ያን ጊዜ ማንም አላወቀም።

ከዚያ ወዲያ የሆነው አጭር ነው። ማረሻው ደነዘ፣ ነጋዴውም «የጠሩትን የማይቀብሩ» ብሎ መንገዱን አዞረ። በቀጣዩ ክረምት ጨጎ ሰው መውሰዱን ቀጠለ፤ ከወሰዳቸው አንዱ የጭቃ ሹም ደባልቄ የልጅ ልጅ ነበር ይባላል፤ ማረሻ ሊያስል ሲሻገር። ያን ጊዜ ነው ሽማግሎቹ ከዋርካው ሥር ተሰብስበው ያለቀሱት፤ ለቅሶ ግን የሄደን አይመልስም። አንዳርጌ መሐላቸው ቆሞ በወይራው ሥር ካለው ከአባቶቹ መቃብር ለእሱ የሚደርሰውን ቦታ ለባዕድ ሰጠ፤ ከእንግዲህ የምንጠራው ሰው መደቡን ከማየቱ በፊት ይህችን ይይ ብሎ አስማላቸው። ገበያው ነፍስ የዘራው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እሱ ሲሞት በኑዛዜው መሠረት ከገበያው መሐል ከትርንጎ አጠገብ ቀበሩት፤ ሁለቱ የድንጋይ ክምሮች የነሱ ናቸው። በወይራው ሥር ግን ሸማኔውም፣ ቆዳ ፋቂውም፣ ከሰሜን የመጣው ጌሾ ነጋዴም አርፈዋል፤ ዛሬም ሣሩ ላይ የሚቀጥለውን ሰው የሚጠብቅ ቦታ አለ።

ሱራፌል ወሬው ሲያልቅ ከወይራው ሥር ተቀምጦ ነበር። ላቡ ደርቋል። «ባለ እጁስ ተመልሶ መጣ?» አላቸው።

«አልመጣም። ሌላም ባለ እጅ አልመጣልንም። ጨጎ ድልድይ ተሠራለት እንጂ፣ ማረሻችንን የምናስለው እስከዛሬ ከማዶ ነው» አሉት አያ ተገኘ።

ከዚያም በትራቸውን ተደግፈው፣ የአንዳርጌ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸውና፣ አንዳርጌ ሊሞት ሲል ለልጁ ብቻ የነገረውን ነገሩት። ከጨጎ ዳር፣ ውሃው ጉልበቱ ሲደርስ፣ የቀጸላን አህያ ልጓም ይዞ «ተመለስ፣ እግራቸው ላይ ወድቄ እለምናቸዋለሁ፤ አታለልኩህ፣ ይቅር በለኝ» ብሎት ነበር። ቀጸላም እጁን ቀስ አድርጎ ከልጓሙ ላይ አነሳለትና እንዲህ አለው፦

«አላታለልከኝም። ስጠይቅህ እኔን ትተህ እሳቱን ስታይ ያኔውኑ አውቄ ነበር። ትርንጎ ግን መንከራተት ሰልችቷት ነበርና ዝም አልኩ። አሁን እንግዲህ አርፋለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው እንዳይረግጥብኝ።»