የአንደኛ «ለ» መስኮት

በሥርዓት ላይ መቀለድ ነውር መሆኑን እናውቃለን። ይልቁንም በመስከረም፣ ሕፃናት መቀመጥና መነሳት በሚማሩበት በዚያ በተከበረ ሳምንት፣ እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ መምጣት ያሳፍራል። ስለዚህ አስቀድመን ዝቅ ብለን ይቅርታ እንለምናለን። ይቅርታው ባይደረግልንም እንቀጥላለን፤ ጀምረነዋልና።

በጅቡቲ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ከተማ ምንታምር የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ አያልነህ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አንደኛ ክፍል የገባች ዕለት፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቁጢጥ ብሎ የዩኒፎርሟን ቁልፍ እየቆለፈ፣

«ስሚኝ እሙዬ፤ ኬላው ጋ ስደርስ ክላክስ አደርጋለሁ። አንቺ በመስኮት እጅሽን ታውለበልቢልኛለሽ። ካላየሁሽ አለቀሰች ብዬ ነው የምሄደው። ሆዴ እየባባ ያን ሁሉ በረሃ እንዴት እነዳዋለሁ?» አላት።

«አላለቅስም።»

«እሱንማ በመስኮት አየዋለሁ።»

እንግዲህ የምንታምር ምኞት ይህችው ናት፤ መስኮት ይከፈትላት፣ እጇን ታውለብልብ። የግቢው አጥር ረጅም ቆርቆሮ ስለሆነ መንገዱ የሚታየው ፎቅ ላይ ካለው ከክፍሏ፣ ከአንደኛ «ለ»፣ መስኮት ብቻ ነው። የመስኮቱ መዝጊያ ጣውላ ነው። መቀርቀሪያው ስለተሰበረ ቀይ ጨርቅ የተጠመጠመበት ብረት ተሸጉጦበታል። ምንታምር እጇን አጣጥፋ ዝም ማለት እየተለማመደች ዓይኗን ከዚያ ቀይ ጨርቅ አልነቀለችም።

ፓዓዓ! አለ ክላክሱ ከኬላው።

ምንታምር ወደ ክፍል አለቃው ዞረች። አለቃው ይሁኔ ነው፤ አንደኛ ክፍልን ለሁለተኛ ጊዜ ስለሚማር በልምዱ የተሾመ።

«ይሁኔ፣ መስኮቱን ክፈትልኝ፤ አባዬ ሊሄድ ነው።»

«ቲቸር ሳትናገር ከወንበር መነሳት ክልክል ነው። አሁን የተማርነው እሱን አይደል? እኔ እንዲያውም አምናም ተምሬዋለሁ።»

ቲቸር ሳትናገር አለቃው አይነሳም፤ አለቃው ሳይነሳ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ሳይከፈት አባት አይታይም።

ምንታምር እንደተማረችው ጣቷን አወጣች። ቲቸር ትርፌ ነገሩን ስትሰማ ወደ መስኮቱ አንድ እርምጃ ሄደች። ግን እሷም ለማስተማር አዲስ ናት።

«የኔ እናት፣ ዩኒት ሊደሩ ሳይፈቅዱ የክፍል ዕቃ አይነካም ተብለናል። ነይ፣ እንጠይቃቸው» ብላ እጇን ያዘቻት። ይሁኔም ተከተለ፤ አለቃ ነውና።

ዩኒት ሊደሩ አቶ ልሳኑ ደረጃው ላይ ቆመው ልጆችን መውጣትና መውረድ ያለማምዳሉ። «በቀኝ! በቀኝ ነው እንጂ! ቀኝህ የቱ ነው አንተ?» ጥያቄውን ሲሰሙ ተከዙ።

«መልካም ጥያቄ ነው። ግን ርዕሰ መምህሩ ሳያዙ እኔ ምን አግብቶኝ? በሉ፣ በቀኝ በኩል ውረዱና እንሂድ።»

ፓዓዓ! አለ ክላክሱ። የኬላው ሰልፍ ፈቀቅ ብሏል።

ርዕሰ መምህሩ ሳያዙ ዩኒት ሊደሩ አይፈቅዱም፤ ዩኒት ሊደሩ ሳይፈቅዱ ቲቸር አትናገርም፤ ቲቸር ሳትናገር አለቃው አይነሳም፤ አለቃው ሳይነሳ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ሳይከፈት አባት አይታይም።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ሰይፈ ባንዲራው ሥር ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ።

«ለመሆኑ ደወል ተደውሏል?»

«አልተደወለም።»

«ደወል ካልተደወለ ቀኑ አልተጀመረም። ባልተጀመረ ቀን ምን ዓይነት ትዕዛዝ ይሰጣል? ሰውስ ምን ይለናል?»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነት ነዋ።

ተያይዘው ወደ ዘበኛው ወደ ጋሽ ድንቁ ሄዱ። ጋሽ ድንቁ ዛፉ ሥር፣ ደወል ተብሎ ከተሰቀለው አሮጌ የመኪና ቸርኬ ፊት ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ድንቁ፣ ምነው አይደወልም?»

«በምን ልደውለው ጌታዬ፣ በጥርሴ? መምቻው ከክረምት ወዲህ የለም። እጄን እንዳይልጠኝ ቀይ ጨርቅ ጠምጥሜበት ነበር፤ ማን እንደወሰደው እንጃ።»

መምቻው ሳይገኝ ደወሉ አይደወልም፤ ደወሉ ሳይደወል ርዕሰ መምህሩ አያዙም፤ ርዕሰ መምህሩ ሳያዙ ዩኒት ሊደሩ አይፈቅዱም፤ ዩኒት ሊደሩ ሳይፈቅዱ ቲቸር አትናገርም፤ ቲቸር ሳትናገር አለቃው አይነሳም፤ አለቃው ሳይነሳ መስኮቱ አይከፈትም፤ መስኮቱ ሳይከፈት አባት አይታይም።

ምንታምር ጣቷን አወጣች። ትልልቆቹ መምቻው የማን ኃላፊነት እንደነበር ሲከራከሩ አላዩዋትም። ሳይፈቀድ መናገር ደግሞ ክልክል ነው። ፓዓዓ! አለ ክላክሱ፣ አሁን ራቅ ብሎ። ጣቷን ይበልጥ ወደ ላይ ዘረጋች።

«ቲቸር! ምንታምር እጅ አውጥታለች!» አለ ይሁኔ። አለቃ ለዚህ ነው።

«ቀዩ ጨርቅ... መስኮታችን ላይ ነው» አለች ምንታምር።

ጋሽ ድንቁ ከዘራቸውን ጥለው ወደ ፎቅ ሮጡ፤ ምንታምርም በኋላቸው። አቶ ልሳኑ «በቀኝ! በቀኝ!» ቢሉም የሰማ የለም። ጋሽ ድንቁ ብረታቸውን ከመስኮቱ መዘዙ፤ ብረቱ ሲመዘዝ ጣውላው በገዛ ራሱ ብርግድ አለ። ደወሉ ሳይደወል፣ ርዕሰ መምህሩ ሳያዙ፣ ዩኒት ሊደሩ ሳይፈቅዱ፣ ቲቸር ሳትናገር፣ አለቃው ሳይነሳ፣ መስኮቱ ተከፈተ።

ሰማያዊ ሸራ የለበሰው መኪና ኬላውን አልፎ እያዘገመ ነበር። ምንታምር በእግሯ ጣት ቆማ እጇን አውለበለበች። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ በሹፌሩ መስኮት አንድ ክንድ እስከ ትከሻው ድረስ ወጣ። መኪናው ጠመዝማዛው ላይ እስኪሰወር ድረስ ያ ክንድ ወደ ውስጥ አልተመለሰም።

ከታች ደወሉ ተደወለ። ደወሉ ሲደወል ርዕሰ መምህሩ አዘዙ፤ ርዕሰ መምህሩ ሲያዙ ዩኒት ሊደሩ ፈቀዱ፤ ዩኒት ሊደሩ ሲፈቅዱ ቲቸር ተናገረች፤ ቲቸር ስትናገር አለቃው መስኮቱን ሊከፍት ተነሳ፤ ፎቅ ሲወጣ ተከፍቶ አገኘው። ይሁኔ ግራ ተጋባ። ትዕዛዝ ግን ትዕዛዝ ነው፤ ዘጋውና እንደገና ከፈተው።

መንገዱ ባዶ ነበር። ምንታምር አሁንም እጇን ታውለበልባለች። ጉንጯም ርሷል፤ ግን ከዚያ ከሩቅ እጅ እንጂ እንባ አይታይም።

እባካችሁ ይህን ለማንም አትድገሙት። መስኮት ከደወል በፊት መከፈቱ ቢሰማ ሥርዓት ይፈርሳል። ከሁሉም በላይ ግን በዚያ መንገድ ሰማያዊ ሸራ የለበሰ መኪና የሚነዳ ሰው ብታገኙ፣ እጇን ስታውለበልብ አየናት በሉት፤ ስለ ጉንጯ አደራ አትንገሩት።