ቀበሮ በጭራው ያሰመረው ድንበር

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ይምጣ ከበረት!

አራዊት በየመንደራቸው አለቃ ሊመርጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ቀበሮ ጭራውን መሬት ለመሬት እየጎተተ አዲስ ድንበር አሰመረ። በቁጥር ማንም የማይስተካከላቸው ጅግራዎች ተከፋፍለው በየመንደሩ በቀበሮ ዘመዶች ተበለጡ። እየተንጫጩ ወደ ዳኛው ወደ ዝሆን ሮጡ።

«የዳኛ ያለህ! ቆራርጦ ጨረሰን!»

ተከትሏቸው የመጣው ቀበሮ ሳቀ። «ምርጫው እኮ ነገ ነው! ከእንግዲህ መስመር ማስመር አይቻልም!»

«እውነት ነው፤ አይቻልም» አለ ዝሆን። «ድንበር ግን በዓይን ሳይታይ አይፈረድበትም።»

ተነሥቶ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየረገጠ ሄደ፤ ጅግራዎቹም ግር ብለው ተከተሉት። ዞር ሲል መሬቱ ላይ ያለው የእግር ዱካ ብቻ ነው።

«የታለ መስመሩ?»

ቀበሮ ደንግጦ እንደገና ለማስመር ጭራውን ሊያወርድ ሲል ጅግራዎቹ ባንድ ድምፅ ጮኹ፦ «ከእንግዲህ መስመር ማስመር አይቻልም!»

ተረቴን መልሱ፤ ጭራችሁን ሰብስቡ።