ቦራን ያተረፈ የባቄላ አይብ

እናንተ ጆሮ ስጡኝ፣ እኔ ተረት ልስጣችሁ። እንስሳም ዕቃም እንደ ሰው በሚያወራበት በጥንቱ ዘመን፣ ቦራ የምትባል አንዲት ላም ነበረች። እመቤቷ ይታክቱ ትባላለች። ይታክቱ ሁለት ልጆች ነበሯት፤ እንጉዳይና ወንድሟ ደግሰው።

አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋ። ሣሩ ደረቀ፣ ቦራም ነጠፈች። ወተት የለመዱት ልጆች ከሱ፤ ጉልበታቸውም ዛለ።

ይህን የሰማ የይታክቱ ታላቅ ወንድም አያ ገረመው መጣ። ገና ሳይቀመጥ በወገቡ የሻጠው ቢላዋ ቀድሞት ተናገረ።

"ሥጋ ያልበላ ልጅ አይጠነክርም! ላሚቱ እንደሆነች ነጥፋለች። ምን ትጠብቃላችሁ?"

"እውነቱን ነው፣ እኅቴ" አለ ገረመው። "ነገ ትታረድ።"

ይታክቱ ዓይኗ እንባ ሞላ። ግን ልጆቿን አየችና "እሺ" አለች።

ቦራም ይህን ሰማች። ወደ ውሻው ሄደች።

"ውሻዬ፣ ጩኽልኝ!"

"ብጮህ ምን አገኛለሁ? ብትታረጂ ግን አጥንት ይደርሰኛል።"

ወደ ድስቱ ሄደች።

"ድስቴ፣ ሥጋዬን አልቀቅልም በልልኝ!"

"እኔ የሰጡኝን ነው የምቀቅለው።"

ቦራ አንገቷን ደፍታ ስትመለስ፣ ከጥግ ካለው ስልቻ ውስጥ አንድ ባቄላ ጠራት።

"እኔንስ ለምን አትጠይቂኝም?"

"አንተ ጥርስ የማታህል ፍሬ ምን ታደርግልኛለህ?"

"ወተትሽ አይብ የሚሆነው ሰውነት የሚገነባ ነገር ስላለበት ነው። ያ ነገር እኔም ውስጥ አለ። ካላመንሽ ልጆቹ ይፈትኑኝ።"

ልጆቹ ይህን ሰምተው ባቄላውን ዘፍዝፈው አሳደሩ። ሲነጋ የገብስ ዱቄት በውሃ በጠበጡ፤ ድንች ፈጩ፤ ባቄላውንም ልጠው ፈጩ። ሦስቱንም ለየብቻ በጨርቅ አጠለሉ። ዝቃጩ ሲወርድ ከላይ ያለውን ውሃ እየቀዱ በየተራ አፈሉ፣ ሎሚም ጠብ አደረጉበት።

የገብሱ ውሃ እንደ ጉሽ ሆኖ ቀረ። አይብ የለም። የድንቹም ዝም አለ። አይብ የለም።

የባቄላውም ሲፈላ ዝም አለ። ቦራ አንገቷን አስግጋ ድስቱን አየች።

"ገረመው፣ አንሣኝ እንጂ!" ብሎ ቢላዋው ጮኸ።

"አያ ገረመው፣ ትንሽ ታገሠን" አለች እንጉዳይ።

"ሁለት ጠብታ ጨምሩኝ" አለ ሎሚው።

ጨመሩት። ውሃው ተቆራረጠ፤ ነጭ ፍርፋሪ ብቅ፣ ብቅ፣ ብቅ አለ።

"እማ! አይብ ሠራ!" ብሎ ደግሰው ዘለለ።

ገረመው በጣቱ ቆንጥሮ ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ።

"ይኼማ ምግብ ነው" አለ በመጨረሻ። "እስቲ ልጆቹን ይህን እያበላን አንድ ወር እንያቸው።"

"ከገብስ ጋር አድርጋችሁ ብሉኝ፤ ያን ጊዜ ይበልጥ እጠቅማለሁ" አለ ባቄላው።

እንደተባለው ከገብስ ቂጣ ጋር ባቄላውን በሉ። አንድ ቀን ክክ፣ አንድ ቀን ንፍሮ፣ አንድ ቀን አይብ። በወሩ ገረመው ተመልሶ ሲመጣ፣ ልጆቹ ዳገቱን ሮጠው ወርደው ተቀበሉት። ጓዙንም ተናጥቀው ተሸክመው ወጡ። እሱ ከኋላ እያለከለከ ደረሰ።

"በሉ ላሚቱ ትኑር" አለ፤ ቢላዋውንም ለእኅቱ ሽንኩርት መክተፊያ ሰጣት። ቦራ እፎይ ብላ ተነፈሰች። ስንት ቀን ሙሉ ያላደረገችውን፣ ጋደም ብላ ዓይኗን ጨፍና አመነዠከች።

ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ ገብስ በደከመበት ማሳ ባቄላ ዘሩ። አንዱን ነቅለው ሥሩ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ሲያገኙ "ታሟል እንዴ?" አሉ። "ኧረ አልታመምኩም" አለ ባቄላው፤ "በእነዚያ ነው መሬቱን የማበላው።" በዓመቱ በዚያው ማሳ የተዘራው ገብስ ወገብ ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር "ከቸኮለ ቢላዋ የታገሠ ድስት ያጠግባል" ይባል ጀመር። ተረቴ አለቀ፤ ለደከመው አፌ አንድ እፍኝ ንፍሮ አቀብሉኝ።