ጢሱ ከአጥር ሲያልፍ

አቶ አንዳርጌ የሚባሉ፣ ከራሳቸው በቀር ማንንም የማያደንቁ ባለጸጋ ነበሩ። ከባሕር ማዶ ሁለት የሥጋ መጥበሻ አስመጡ። አንደኛው በተጠቀጠቀ ሰጋቱራ የሚሠራ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጨስ ብረት ነው። ሌላው ጢሱ እዚህ ግባ የማይባል የሸክላ የከሰል ምድጃ ነው።

አጥር የምትጋራቸው እርጉዝ ልብስ አጣቢ፣ የብረቱ ጢስ ያጠበችውን ሁሉ እያጠቆረ ቢያስቸግራት ለመንደሩ ሽማግሌዎች አቤት አለች። አቶ አንዳርጌም በፋሲካ ማግሥት ሽማግሌዎቹን ጋብዘው እሷንም አስጠሯት።

«በይ፣ አንቺው ምረጪልኝ» አሏት። «ሸክላውን ካልሽ፣ ከሰሉ አራጋቢ ይፈልጋልና ክረምት ከበጋ እየመጣሽ ታራግቢልኛለሽ። ብረቱን ካልሽ ደግሞ፣ ስለ ጢሱ ዳግመኛ ትንፍሽ እንዳትዪ!»

ሴትዮዋ ወጥመዱ ገብቷታል። ሆዷን ደገፍ አድርጋ ሁለቱንም መጥበሻ ተራ በተራ አየች።

«ብረቱ ይሁን፤ ስለ ጢሱ ትንፍሽ አልልም።»

አቶ አንዳርጌ እየሳቁ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ሰማችኋት አይደል?»

«አዎ፣ ሰምተውኛል» አለች እሷ፣ ከነጠላዋ ስር ባዶ ሳህን እያወጣች። «እርጉዝ ሴት የሸተታትን ሳትቀምስ እንደማትታለፍም አባቶች ያውቃሉ። የሸክላው ሽታ ከግቢዎ አይወጣም ነበር። የብረቱ ግን እስከ ወንዙ ድረስ መንደሩን ያዳርሳል፤ ዘንድሮ ደግሞ ያላረገዘች የለችም። ሳህናቸውን ይዘው እንዲመጡ ልጥራቸው? ስለ ጢሱ እንደሆነ አፋችንን ዘግተናል፤ ከእንግዲህ የምንከፍተው ለሥጋው ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አቶ አንዳርጌ የሸክላውን ከሰል ራሳቸው ያራግባሉ አሉ።