ብርሃኑ ያረፈበት ቦታ

አንድ ንጉሥ ነበረ። አገሩ ከሰፊ የበረዶ ሜዳ ግርጌ ነው። ከበረዶው ጀርባ ትልቅ ሐይቅ አለ፤ ውኃውን ይዞ ያቆመው ያ በረዶ ብቻ ነው። በረዶው ዝቅ ካለ ሐይቁ ሞልቶ ይፈስና ወንዙ ዳር ያለውን ሁሉ ጠርጎ ይወስዳል። ስለዚህ ንጉሡ ስንዱ የምትባል ለኪ ሾመ። ስንዱ በየዓመቱ ከሳተላይት የሌዘር ብርሃን እያወረደች የበረዶውን ከፍታ ትለካለች።

አንድ ዓመት ንጉሡ ልጁን ሊድር ተሰናዳ።

"ድንኳኑን ወንዙ ዳር ላስተክል?" ብሎ ጠየቃት።

ስንዱ የዘንድሮውን ልኬት ከአምናው ጋር አስተያየች። ያው ነው።

"ምንም የተለወጠ ነገር የለም፣ ጃንሆይ" አለች። ድንኳኑ ተተከለ።

በሠርጉ ዋዜማ ግን ልኬቱን ደግማ ስታየው፣ የዘንድሮው ብርሃን ያረፈው አምና ካረፈበት ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ነው። በረዶው ለጥ ያለ ከሆነ ግድ የለም። ተዳፋት ከሆነስ? ብርሃኑ ያረፈው ወደ ላይኛው በኩል ከሆነስ? ከውጭ ከበሮ ሲሞከር ይሰማል።

ወደ ንጉሡ አውሮፕላን አብራሪ ሮጠች። አብራሪው የአውሮፕላኑን መስታወት ይወለውላል።

"ምነው እቴ፣ ያቺ ሰማይ ላይ ያለችው ጓደኛሽ ዓይኗ ደከመ እንዴ?" ብሎ ቀለደባት።

"ቀልዱን ተውና አስነሳው። ከአውሮፕላኑ ሁለት ጨረር ጎን ለጎን ማውረድ አለብን። አንዱ ብቻውን ከፍታውን ይነግረኛል እንጂ በረዶው ወዴት እንደሚያዘነብል አይነግረኝም።"

አብራሪው ፊቷን አየና ሳቁን ዋጠ።

በረዶው ላይ ዝቅ ብለው በረሩ። ጨረሮቹ ጎን ለጎን ወረዱ። የቀኙ ከፍ ያለ በረዶ ነካ፣ የግራው ዝቅ ያለ። ተዳፋት ነው! አምና ብርሃኑ ያረፈበትን ቦታ ፈልገው ሲለኩት፣ በረዶው ከሰው ቁመት በላይ ወርዷል። በረዶው በወረደ ልክ የሳተላይቱ ብርሃን ወደ ተዳፋቱ ላይኛው በኩል ፈቀቅ ስላለ ነው ቁጥሩ ያልተለወጠው።

"አሁን ጃንሆይን ምን ልትያቸው ነው?" አላት አብራሪው።

"እውነቱን" አለች።

ቤተ መንግሥት ስትደርስ የሩቅ እንግዶች ገብተው ነበር።

"ጃንሆይ፣ ተሳስቻለሁ። በረዶው ወርዷል፤ ድንኳኑ ይነሳ።"

"ምንም የለም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ? ይህን ሁሉ እንግዳ ምን ልበለው? ልታዋርጂኝ ነው?"

"ውርደቱ የእኔ ይሁን። ለኪዋ አበደች ይበሏቸው። ብቻ እንግዶቹ ከወንዙ ዳር ይውጡ።"

ሙሽራዋ ከንጉሡ ጎን ተነሳች። "አባዬ፣ ከወንዙ በላይ ያለው ጉብታ ላይም ይጨፈራል እኮ" አለች።

ንጉሡም ድንኳኑ እንዲነሳ አዘዘ። ሕዝቡ ጋኑንና ድስቱን ተሸክሞ እያጉረመረመ ሽቅብ ወጣ። "ሠርግ አበላሽ!" እያሉ በስንዱ አጠገብ ያልፋሉ። እሷ አንገቷን ደፍታ ልጆችንና አሮጊቶችን ትደግፋለች። ምናልባት ውኃው አይመጣ ይሆናል። ባይመጣ ምን ይሏታል? መጥቶ ሰው ሳይወጣ ቢቀርስ?

በማግስቱ ሙሽራው ሲገባ ከላይ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። ከበሮው ቀጥ አለ። ውኃው ድንኳኑ ተተክሎበት በነበረው ቦታ ላይ አለፈ፤ ካስማዎቹን እንኳ አላስቀረም። ሙሽራዋ መጥታ የስንዱን እጅ ያዘች።

እኛም ሰውን የምናየው እንዲሁ ነው። አምና በቅርብ ያየነውን ወዳጅ ዘንድሮ ከሌላ ቦታ ሆነን እናየውና "ደህና ነው፣ እንደ ድሮው ነው" እንላለን። እሱ ዝቅ ብሎ፣ እኛ ፈቀቅ ብለን ይሆናል። "አልተለወጠም" ከማለታችን በፊት የቆምንበትን ቦታ እንይ። ተሳስተን ከሆነም ብናፍርም ውኃው ሳይደርስ እንናገር።

እናንተስ፣ "ደህና ነው" ብላችሁ የተዋችሁት ሰው ማን ነው?