የልብስ ሰፊው ጣሪያና የእድሩ ብረት

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው የሰው ጣሪያ ላይ መውጣት ነበር።

ቁጭ በይ ስንዱ፤ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «መምህር፣ ደንቡን ልጠብቅ ወይስ ሰውን?» አልሽኝ። ከአንቺ በፊትም ብዙ ተማሪዎቼ ጠይቀውኛል። ማዘጋጃ ቤት ወንበር የተሰጠው ሁሉ ውሎ አድሮ ይህንኑ ይዞ ይመጣል፣ ፊቱም እንዳንቺ ገርጥቶ ነው የሚመጣው። አጭር መልስ ቢኖረኝ ገና ተማሪዬ ሳለሽ እነግርሽ ነበር። የማውቀው ይህን ሰውዬ ብቻ ነው።

ሰውዬው በአንዲት ሞቃት ከተማ የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ ነበር። በዚያች ከተማ መብራት እንደ ልቡ ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ስለዚህ አቅም ያለው ሁሉ ጣሪያው ላይ ሶላር ይሰቅል ጀመር። መጀመሪያ ደንብ የሚባል ነገር አልነበረም። ኋላ አንድ ክረምት ነፋስ የአንድ ነጋዴን ሶላር ከነቆርቆሮው ነቅሎ ገበያ መሃል ጣለውና ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ሰባት ገጽ ደንብ ጻፈ።

ሰባቱ ገጽ ላይ የሌለ ነገር የለም። ሶላሩ የሚቆምበት ብረት ግራጫ ቀለም ይቀባ ይላል። ለከተማው ውበት ሲባል ከአስፋልቱ እንዳይታይ ይላል፤ ቦዩ ሞልቶ መንገድ ላይ ለሚፈስበት ከተማ። ከዚህ ሁሉ መሃል ግን አንድ መስመር ነበረች፦ ተቆጣጣሪው ራሱ ወጥቶ የጣሪያውን እንጨት ሳይፈትሽ ፈቃድ አይሰጥም።

ሰውዬው ቀለሙን እያየ እንዳላየ ያልፍ ነበር። ስለ አስፋልቱም አንድ ቀን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ያቺን አንዷን መስመር ግን አይለቅም። ኪሱ ውስጥ አንድ ረጅም ምስማር አለ። መሰላል ይወጣል፣ ምስማሩን እንጨቱ ላይ በአውራ ጣቱ ይጫናል። እንጨቱ እንቢ ካለ ይፈርማል። ምስማሩ ከገባ ይወርድና «ተበልቷል፤ ቀይረህ ተመለስ» ይላል።

ለዚህ ነው የጠሉት። አንዱ ጉቦ ፈልጎ ነው ይላል፣ ሌላው ሲፈጥረው ክፉ ነው ይላል። የሥራ ባልደረቦቹ ከመኪና ሳይወርዱ በመስኮት እየፈረሙ ይመረቃሉ። ሚስቱ ሳትቀር «ሰው ተቀምጦ ይመረቃል፤ አንተ መሰላል ወጥተህ ትረገማለህ» ትለው ነበር። ጉልበቱ ታሟል፣ እርከን በወጣ ቁጥር ይንቋቋል። ደክሞት ነበር ስንዱ። ሰው የሚደክመው በሥራው ብቻ አይደለም፣ በመጠላትም ነው።

በዚያች ከተማ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ሚስቱ ሳንባዋን ታማ አልጋ ላይ ከዋለች ዓመት አልፏታል። የምትተነፍሰው አፍንጫዋ ላይ በተሰካ ቀጭን ቱቦ፣ አልጋዋ አጠገብ በሚያጓራ የኦክስጅን ማሽን ነው። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ባልየው የሚያደርገው ቢያጣ በካርቶን ያራግብላታል፤ እሷም ከንፈሯ እየጠቆረ፣ እንዳይደነግጥ ብላ ፈገግ ትልለታለች። መጨረሻ ላይ ከሁለቱ የስፌት መኪናዎቹ አንዱን ሸጠና አራት የሶላር ሰሌዳና ባትሪ ገዛ። ሰሌዳዎቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፈቃድ ሊጠይቅ መጣ።

ተቆጣጣሪው ሄደ። ቤቱ አሮጌ የጭቃ ቤት ነው፣ ኮርኒሱም አቡጀዲ ነው። መሰላሉን አልጋው አጠገብ አቆመና የአቡጀዲውን ጫፍ ገልጦ ምስማሩን ተጫነ። እስከ ራሱ ገባ። ሁለተኛውን እንጨት ሞከረ፣ ሦስተኛውንም ሞከረ፤ ሁሉንም ምስጥ ጨርሶታል። አራቱ ሰሌዳዎች አንድ ኩንታል ጤፍ ያህል ይመዝናሉ፣ የክረምቱ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። ቁልቁል ሲያይ አልጋው ልክ ከስሩ ነበር። ወረደና መናገር የሰለቸውን ነገር ተናገረ።

«እንጨቱ ተበልቷል። መቀየር አለበት።»

«ጋሼ፣ ጣሪያ ሲቀየር እሷን የት ላድርሳት?» አለ ልብስ ሰፊው። «ደግሞስ በምኔ ልቀይረው? ያለኝ ያው ግድግዳው ላይ ተደግፎ የሚያዩት ነው።»

ተቆጣጣሪው ምስማሩን ኪሱ ከተተ። «አልፈርምም» ብቻ ብሎ ወጣ።

ልብስ ሰፊው ሦስት ጊዜ ቢሮ ተመላለሰ። በመጀመሪያው ለመነ፣ በሁለተኛው ተሳደበ። በሦስተኛው ግን በሩ ላይ ቆሞ አየውና ሄደ። ሰውዬውን ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በልብስ ሰፊው በር ያልፋልና ከዚያ ወዲያ መንገድ ቀየረ።

እሑድ ዕለት ሽማግሌ ተላከበት። ሦስት ናቸው፦ አንድ ቄስ፣ አንድ ሐጂና የእድሩ ሰብሳቢ። ብድግ ብሎ ወንበር አቀረበ።

«እሺ ካላልከን አንቀመጥም» አሉት።

አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ነጭ ጸጉር ቆሞ ሲለምን እንቢ ማለት ነውር ነው። ሐጂው «ልጃችን፣ ሴትዮዋ እያየናት ልታልፍ ነው። አንድ ፊርማ ምንህ ነው?» አሉ። ቄሱ «ደንቡን የጻፈው ሰው ነው፤ ሰው የጻፈውን ሰው ይተወዋል» አሉ። ሰብሳቢው በእጃቸው ከዘራ፣ በትከሻቸው ጋቢ እንደያዙ «እሺ ይበልጣል ከሺ» ብለው ደመደሙት።

ሰውዬው «እሺ» አለ።

እንዲህ ቶሎ ይሆናል ብለው አልጠበቁም ነበር። መመረቅ ሲጀምሩ እጁን አነሳ። «እኔን ለምናችኋል፣ እኔም እሺ ብያለሁ። አንድ የሚለመን ግን ቀርቷል። እሱ እሺ ካለ እዚያው እፈርማለሁ።»

«ማነው እሱ?»

«ኑ ላገናኛችሁ።»

ልብስ ሰፊው ቤት ወሰዳቸው። መሰላሉን አልጋው አጠገብ አቆመና ምስማሩን ለሰብሳቢው ሰጣቸው። «አባቴ፣ ያለው እዚያ ላይ ነው። ይውጡና ይለምኑት።»

የሰብሳቢው ፊት ጠቆረ፤ የተቀለደባቸው መሰላቸው። ግን ታማሚዋም እያየቻቸው ነው፣ መመለስ አይቻልም። ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ከዘራቸውን ለቄሱ ሰጥተው ወጡ። ምስማሩን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። እስከ ራሱ ገባ። ሲነቅሉት ከእንጨቱ ዱቄት የመሰለ ብናኝ ወርዶ ታማሚዋ ብርድ ልብስ ላይ ፈሰሰ።

እሷም በመዳፏ ጠረገችው። «እኔ ካወቅሁት ቆይቻለሁ» አለች፣ በየቃሉ መሃል ትንፋሽ እየሰበሰበች። «ሌሊት ሌሊት ሲቆረጥም ይሰማኛል። እሱ እንዳይጨነቅ ብዬ ነው ዝም ያልሁት።» ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ሰብሳቢው ወረዱ። «ታዲያ ምን ይሁን?» አሉ ቄሱ። «ይቺ ልጅ እንዲሁ ልትቀር ነው?»

እውነቱን ልንገርሽ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰውዬው ራሱ የሚለው አልነበረውም። ሽማግሌዎቹን ያመጣቸው መፍትሔ ኖሮት ሳይሆን ብቻውን መጠላት ስለ ታከተው ነው። ግን በሩ ክፍት ነበር። ከመንገዱ ማዶ የእድሩ መጋዘን አለ፤ ያን ቀን የለቅሶው ድንኳን ፀሐይ እንዲመታው አጥር ላይ ተሰጥቷል፣ የድንኳኑ ብረትም ተደርድሮ ቆሟል። ሰውዬው አየው። ከዚያ ሰብሳቢውን አየ።

«አባቴ፣ ያ ብረት ለምንድን ነው?»

«ለለቅሶ ነዋ።»

«ዛሬ ብፈርምላችሁ ወደዚህ ቤት መቼ ታመጡታላችሁ?»

ቄሱ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ፣ ከዚያ አልጋዋን።

«ያኔ የምታመጡትን አሁን አምጡት» አለ። «ስምንቱ ይበቃናል። ከመሬት ተነስቶ፣ ጣሪያውን ሳይነካ ሶላሩን ይሸከማል። በራሱ እግር ለቆመ ደንቡ አይከለክልም።»

ሐጂው «አላህ ያክብርህ» አሉ። ሰብሳቢው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሆንም። የእድሩ ደንብ አይፈቅድም። ብረቱ ከለቅሶ በቀር ከመጋዘን አይወጣም። ለገዛ ልጄ ሠርግ እንኳ እንቢ ብያለሁ።»

ሰውዬው ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ አይደለም። «ደንቡን የጻፈው ሰው ነው ስትሉኝ አልነበረም? እስቲ እንመልከተው። የእርስዎ ደንብ ቢታጠፍ የድንኳኑ አንድ ጥግ ይጎብጣል፣ ለቅሶ የመጣ ሰው ትንሽ ፀሐይ ይመታዋል። የእኔ ቢታጠፍ ጣሪያው የሚወርደው እሷ ላይ ነው።»

ልብስ ሰፊው ወንበር አቀረበለት። ሰውዬው ወንበሩን ወደ ጎን ገፋው። «አሁን ሽማግሌው እኔ ነኝ። እሺ ካላላችሁኝ አልቀመጥም።»

በዚያ በታመመ ጉልበቱ ቆመ። ቄሱ ወዲያው እሺ አሉ፣ ሐጂውም እሺ አሉ፤ ቁልፉ ግን በሰብሳቢው እጅ ነው፣ እሳቸው ደግሞ መሬት መሬቱን ያያሉ። የአስር ሶላት ሰዓት ደረሰና ሐጂው ሰግደው ሲመለሱ እንደ ቆመ አገኙት። መሰላሉን እንኳ አልተደገፈም። የሚሰማው የማሽኑ ማጓራት ብቻ ነበር። ድንገት መብራት ጠፋና ማሽኑም ዝም አለ። ልብስ ሰፊው ካርቶኑን አነሳ።

ሰብሳቢው የካርቶኑን ድምፅ ሰሙ። የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጡና «ተቀመጥ እንግዲህ» አሉት።

በሳምንቱ ስምንት ብረት ወጣ። በብየዳ ተያያዘ፣ እግሩ በድንጋይና በሲሚንቶ ተቀበረ፣ አራቱ ሰሌዳዎችም ከጣሪያው በላይ ቆሙ። ከአስፋልቱ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ ብረቱም ግራጫ አልነበረም። ሰውዬው ያንን አላየም። እያንዳንዱን ብረት ይዞ ወዘወዘና ፈረመ። ቅጹ ላይ እንዲህ ላለው ነገር ቦታ ስላልነበረው በጀርባው በእጁ ጻፈበት፤ ለዚህም አለቃው ተቆጣው።

አመሰገኑት ብለሽ እንዳታስቢ። ሚስቱ አየር አጥታ እያለች «አልፈርምም» ያለውን ሰው ልብስ ሰፊው ለብዙ ወራት ሰላም አላለውም፤ እኔም አልፈርድበትም። በከተማው ነገሩ የሽማግሌዎቹ ብልሃት ተብሎ ተወራ። በመስኮት የሚፈርሙትም መመረቃቸውን ቀጠሉ።

ኋላ የሰብሳቢው ታላቅ ወንድም አረፉ። ድንኳኑ ሲተከል ብረት ጎደለና አንደኛው ጥግ ጎበጠ። ሰው አጉረመረመ፤ «የሽማግሌ ለቅሶ እንዲህ ይደረጋል?» ተባለ። በዚህ መሃል የልብስ ሰፊው ሚስት ማሽኗን ለጥቂት ደቂቃ ትታ፣ በባሏ ክንድ ተደግፋ፣ ሁለት እርምጃ እየሄደች አንድ እያረፈች መጣች። በጎበጠው ጥግ ስር ተቀመጠች። ሰብሳቢውን «ያጽናዎት» አለቻቸውና ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ስለ ድንኳኑ ያነሳ የለም።

ሰውዬው ይህን አላየም። ሌላ ሰው ጣሪያ ላይ ነበር፣ እየተሰደበ።

እንግዲህ ስንዱ፣ ያ ሰውዬ አንቺ ነሽ። ጠረጴዛሽ ላይ ያለው ፋይል የማን እንደሆነ አልጠይቅሽም። ደንብ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ቀለሟም መስመር ናት፣ ምስማሯም መስመር ናት፣ ወረቀት ላይ ሲያዩአቸው እኩል ይመስላሉ። ስለዚህ ወረቀቱን አትጠይቂው። «ይህን ባጥፈው የሚወድቀው ማን ላይ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ማንም ላይ ካልሆነ እጠፊው፣ ስለሱም እንቅልፍ አትጪ። ሰው ላይ ከሆነ አትፈርሚ። ግን «አልፈርምም» ብለሽ ቤትሽ ብትገቢ በመስኮት ከሚፈርሙትም የከፋሽ አንቺ ነሽ፤ የሰውዬው በደልም እስከዚያች እሑድ ድረስ ይኸው ነበር፣ መንገድ መቀየሩ። ድካሙን ደግሞ አላቀልልሽም፤ እኔም ያረጀሁት በሱ ነው።

ሽማግሌ ሊላክብሽ ነው አልሽኝ። ሲመጡ ብድግ በይላቸው። ወንበር አቅርቢላቸው። ከዚያ መሰላሉን አምጪላቸው።