እርጥብ አልውጥም ያለው ምድጃ

የቸኮለ ታክሲውን ይያዝ፤ ያልቸኮለ ጠጋ ይበልና ይስማ።

ትርንጎ የምትባል ልብስ አጣቢ ነበረች። አንድ ነገር ፈለገች። ቪላ አላለች፣ መኪና አላለች። ድስት! ያውም ወፍራም ድስት፣ ገንፎ የሚችል።

ገንፎው ለማን መሰላችሁ? ለዛፉ። ዛፉ ከትርንጎ ክፍል ጎን ተከራይታ የምትኖር ልጅ ናት፤ ትናንት ወለደች። እናቷ ሩቅ አገር፣ እህት የላት፣ የልጁ አባት ስልኩን ዘግቷል። አራስ ያለ ገንፎ እንዴት ትጠንክር? ግቢው ውስጥ ደግሞ ለገንፎ የሚሆን ድስት አንድ ብቻ ነበር፣ የትርንጎ። እሱም ዛሬ ጠዋት ቂጡ ተበሳ። ሱቅ ያሉትማ ስስ ናቸው፤ ገንፎ ያሳርራሉ፣ ማማሰያ ይሰረጉዳቸዋል።

ክረምት ነው። ትርንጎ የተበሳውን ድስት በብብቷ ሸጉጣ፣ ጭቃው እያንሸራተታት፣ አሮጌ አልሙኒየም አቅልጠው ድስት ከሚሠሩት ከጋሽ ኩምሳ ዘንድ ሄደች።

“ጋሽ ኩምሳ፣ ይቺን አቅልጠው ሌላ ይሥሩልኝ። ለአራስ ነው፤ ዛሬውኑ።”

“ቅርጹን አሸዋ ላይ አውጥቼ ቁጭ ብያለሁ፣ ትርንጎዬ። የቀለጠ ነገር ከሌለ ምን ላፍስበት፣ እንባዬን? ምድጃውን አናግሪው።”

ጋሽ ኩምሳ ካላፈሱ ድስት የለም፣ ድስት ከሌለ ገንፎ የለም፣ ገንፎ ከሌለ ዛፉ ምን ትብላ!

ምድጃው በተቃጠለ የሞተር ዘይት እየነደደ፣ አፉን ከፍቶ ያጉረመርማል።

“አንተ ምድጃ፣ ዋጥ እንጂ! ጋሽ ኩምሳ ያፍሱ፣ ድስት ይውጣ፣ ገንፎ ይሠራ፣ ዛፉ ትብላ!”

“እርጥብ አልውጥም!” አለ ምድጃው። “አምና ውሃ የቋጠረች የሞተር ክዳን ጨመሩብኝ። ያቺ ውሃ ሆዴ ውስጥ ፈነዳችና የቀለጠውን ሁሉ ተፋሁት። የጋሽ ኩምሳን ቅንድብ አይተሻል? የታለ? ሂጂ፣ የአልሙኒየሙ ቁርጥራጭ ይድረቅልኝ።”

ምድጃው ካልዋጠ ጋሽ ኩምሳ አያፈሱም፣ ጋሽ ኩምሳ ካላፈሱ ድስት የለም፣ ድስት ከሌለ ገንፎ የለም፣ ገንፎ ከሌለ ዛፉ ምን ትብላ!

ቁርጥራጩ በጋሽ ኩምሳ ግቢ ጥግ ተከምሯል። የተጣመመ የመስኮት ፍሬም፣ የተሰበረ የመኪና ዕቃ፣ እጀታዋ የወለቀ ማንቆርቆሪያ፤ ሁሉም ዝናብ ሲደበድበው ያደረ። ትርንጎ ድስቷን ከመሃላቸው አኖረች።

“እናንተ፣ ድረቁ እንጂ! ምድጃው ይዋጥ፣ ጋሽ ኩምሳ ያፍሱ፣ ድስት ይውጣ፣ ገንፎ ይሠራ፣ ዛፉ ትብላ!”

“ወደን ነው እንዴ የረጠብነው?” አለች ማንቆርቆሪያዋ። “ፀሐይ ካልወጣች አንደርቅም።”

ትርንጎ ቀና አለች። “አንቺ ፀሐይ፣ ውጪ እንጂ! ቁርጥራጩ ይድረቅ፣ ምድጃው ይዋጥ፣ ጋሽ ኩምሳ ያፍሱ፣ ድስት ይውጣ፣ ገንፎ ይሠራ፣ ዛፉ ትብላ!”

“በምን በኩል ልውጣ?” አለች ፀሐይ ከወዲያ። “ደመናው ፊቴ ላይ ተጋድሟል። እሱን አስነሺልኝ።”

“አንተ ደመና፣ ተነስ እንጂ!”

“እግር የለኝም እኮ፣ እናቴ። ነፋስ ካልገፋኝ እዚሁ ነኝ።”

ደመናው ካልተነሳ ፀሐይ አትወጣም፣ ፀሐይ ካልወጣች ቁርጥራጩ አይደርቅም፣ ቁርጥራጩ ካልደረቀ ምድጃው አይውጥም፣ ምድጃው ካልዋጠ ጋሽ ኩምሳ አያፈሱም፣ ጋሽ ኩምሳ ካላፈሱ ድስት የለም፣ ድስት ከሌለ ገንፎ የለም፣ ገንፎ ከሌለ ዛፉ ምን ትብላ!

ነፋሱ ቆርቆሮውን እያንኳኳ ሲያልፍ ትርንጎ ጮኸችበት። “አንተ ነፋስ፣ ግፋው እንጂ!”

“ሥራ ይዣለሁ! ይሄን የምድጃ ጭስ ሰፈርተኛው ‘ውሰድልን’ እያለኝ ከጣራ ጣራ ሳዞረው ነው የምውለው። እሱ ካልለቀቀኝ ወዴትም የለሁ።”

ነጠላዋ በስብሷል፤ ጫማዋ ውሃ ገብቶበት ጯ ጯ ይላል። ዛፉ ቤት ውስጥ ከትናንት ጀምሮ በሻይና በዳቦ ነው ያለችው። ትርንጎ ወገቧን ይዛ ወደ ጭስ ማውጫው አንጋጠጠች፤ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው።

“አንተ ጭስ፣ ልቀቀው! ካልለቀቅከው ነፋሱ አይገፋም፣ ነፋሱ ካልገፋ ደመናው አይነሳም፣ ደመናው ካልተነሳ ፀሐይ አትወጣም፣ ፀሐይ ካልወጣች ቁርጥራጩ አይደርቅም፣ ቁርጥራጩ ካልደረቀ ምድጃው አይውጥም፣ ምድጃው ካልዋጠ ጋሽ ኩምሳ አያፈሱም፣ ጋሽ ኩምሳ ካላፈሱ ድስት የለም፣ ድስት ከሌለ ገንፎ የለም፣ ገንፎ ከሌለ ዛፉ ምን ትብላ!”

“ለቅቄው ወዴት ልሂድ?” አለ ጭሱ። “ምድጃው ‘ውጣ’ ይለኛል። ጋሽ ኩምሳ ቧንቧውን አስረዝመው ‘ውጣ’ ይሉኛል። ሰፈሩ መስኮቱን ይዘጋብኛል። ስወጣ እኮ ገና ትኩስ ነኝ! ሙቀቴን ለሰማይ በትኜ እጠፋለሁ። አንድ ቀን ‘ቆይ’ ያለኝ የለም።”

ትርንጎ እጇን ወደ ቧንቧው አስጠጋችና ቶሎ ሰበሰበች፤ ፈጃት። እሷ እንኳን ክረምት በመጣ ቁጥር የሰው አንሶላ የምታደርቀው ከማንደጃዋ በላይ ገመድ ወጥራ ነው። ፀሐይ ስትጠብቅ ብትኖር ጾሟን ባደረች ነበር።

“ጋሽ ኩምሳ! ይሄ ሁሉ ሙቀት የት ነው የሚሄደው?”

“ወደ ሰማይ ነዋ።”

“ሰማይ በረደኝ አለዎት?”

ጋሽ ኩምሳ አፋቸውን ከፍተው ቧንቧውን አዩት። “ሃያ ዓመት ሙሉ ይሄን ቧንቧ ሳስረዝም ኖርኩ” አሉ። ወዲያው አሮጌ በርሜል እያንከባለሉ መጡ። ቂጡን እንደ ወንፊት በሳሱት፣ ቁርጥራጩን ሞሉበት፣ የቧንቧውን ጫፍ ቆርጠው በርሜሉን በላዩ ገጠሙት።

“ቆይ” አለችው ትርንጎ ጭሱን። “በነሱ መሃል እለፍ። ሞቅ አድርጋቸውና ከዚያ ሂድ።”

ጭሱ መጀመሪያ አፈረ። ቀስ ብሎ ገባ። ከበርሜሉ ነጭ እንፋሎት ቡልቅ አለ፤ ቆይቶ እንፋሎቱ ቆመ። ጋሽ ኩምሳ አንዲት ጠብታ ውሃ ቢጥሉበት ጭሽ ብላ ጠፋች።

ከዚያማ ማን ያቁመው! ጭሱ ቆየ፣ ቁርጥራጩ ደረቀ፣ ደርቆም ጋለ፣ ምድጃው “ትኩስ ትኩሱን ነው እንዴ!” እያለ ዋጠ፣ ከወትሮው ባነሰ ዘይት አቀለጠ፣ ጋሽ ኩምሳ አፈሱ፣ ድስት ወጣ፣ ገንፎ ተሠራ!

“እኔስ?” አለ ነፋሱ። “እኔስ?” አለ ደመናው። ፀሐይም ብቅ ብላ “ጠርታችሁኝ ነበር?” አለች። ማን ይስማቸው፣ ትርንጎ ገንፎውን ይዛ ዛፉ ቤት ገብታለች።

ዛፉ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች። ገንፎው መሃሉ ላይ ቅቤና በርበሬ አቁሯል። አንድ ጎረሰችና እንባዋ ዱብ አለ።

“ምነው? በርበሬው በዛብሽ?” አለች ትርንጎ።

“አይ፣ እትዬ ትርንጎ። ሰው የለኝም ብዬ ነበር።”

“ኧረ ዝም በይ! ሰው ከፊትሽ ቆሞ እያማሰለ?” አለችና በማንኪያው ጫፍ ትልቁን ቆርሳ አስጠጋችላት። “ብዪ። ለሁለት ነው የምትበዪው።”

ዛፉ በላች። ልጁ ጠባና ተኛ። የሰማ ሁሉ ይሙቀው፣ ያወራም አፉን ያሳርፍ።